ውሻዬን ለእርዳታ ሰልፍ ልውሰደው?

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሳላነብ አላልፍም። በርኒዝ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ የስዊዘርላንድ ዝርያ ውሾች አሉኝ። ትልቁ መቻል ይባላል፤ ሦስት ዓመቱ ነው፣ 48 ኪሎ ይመዝናል። ትንሿ ፍቅር ገና 14 ወሯ ነው። መቻልን ጋሪ መጎተት ካስተማርኩት ዓመት ሆነው። በጣም ይወዳል። ማሰሪያውን ከመስቀያው ሳወርድ ገና ጅራቱ ቤቱን ያናውጠዋል። ዘንድሮ ለታመሙ ሕፃናት ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሰዎች በበጋው ሦስት ቦታ እንድመጣላቸው ጠየቁኝ። ሁለቱ ሜዳ ላይ የሚደረጉ ትርኢቶች ናቸው። ሦስተኛው የአደባባይ ሰልፍ ነው፤ ሦስት ኪሎ ሜትር፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከማርሽ ባንድ ጋር። ልጆች ጋሪው ላይ ቢቀመጡ ሰው የበለጠ ይሰጣል ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ ፍቅርንም አብረሽ ጥመጂያት፣ ጥንድ ሲሆኑ ያምራሉ ይለኛል። ባለፈው ጊዜ አንዲት ሴትዮ በሰው ፊት ‹ይሄ እኮ እንስሳ ማሰቃየት ነው› ብላ ጮኸችብኝ። እቤት ገብቼ አለቀስኩ። ጋሼ፣ ነገሩ ለበጎ ሥራ ነውና እምቢ ማለት ይከብደኛል። ምን ይመክሩኛል? የመቻል እናት ነኝ።»

የመቻል እናት፣ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ ለጥያቄዎችሽ፣ አንዴ ደግሞ መጨረሻ ላይ ላለችው «እምቢ ማለት ይከብደኛል» ለምትለው ቃል።

መልሴን በአጭሩ ላስቀድምልሽ። ሁለቱን ትርኢቶች ሂጂ። የእኩለ ቀኑን ሰልፍ ሰዓቱ ካልተቀየረ ተይው። ልጅ ጋሪው ላይ አታስቀምጪ። ፍቅርን ገና አትጥመጂያት። አሁን ምክንያቱን ቁጭ ብዬ ልንገርሽ።

መቻል ሕፃናቱ መታመማቸውን አያውቅም። ሳጥኑ ውስጥ ስንት እንደገባም አያውቅም። እሱ የሚሄደው አንቺ ስለሄድሽ ነው። «ለበጎ ሥራ ነው» የሚለው ቃል አንቺን ያበረታሻል፤ ለእሱ ግን ጋሪውን አያቀልለትም፣ መንገዱን አያቀዘቅዝለትም። ደግሞ ባለቤቱን የሚወድ ውሻ ቶሎ እምቢ አይልም። አቅሙ እስኪያልቅ ይሄዳል። ስለዚህ በእሱ ፈንታ እምቢ የምትይው አንቺ ነሽ። ይሄን የምልሽ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም።

ከዓመታት በፊት ኒውፋውንድላንድ ውሻ ነበረኝ። ጥቁር፣ ግዙፍ፣ ጨዋ። እኔም እንዳንቺ ለእርዳታ ሰልፍ ተጠርቼ ይዤው ወጣሁ። ጠዋት ይጀመራል የተባለው ሰልፍ ዘገየ፣ ዘገየ፣ እኩለ ቀን ላይ ተነሣ። እዚህ ድረስ መጥቼ እንዴት እመለሳለሁ ብዬ ቆየሁ። ግማሽ መንገድ ላይ እርምጃው አጠረ። ምላሱ ወጥቶ ወጥቶ ጫፉ ሰፍቷል፤ እንደ ማንኪያ ወደ ላይ ተቆልምሟል። አየሁት። ግን ምን እያየሁ እንደሆነ አልገባኝም። ከኪሴ ቁራሽ ሥጋ አወጣሁና አፍንጫው ሥር ያዝኩለት። ፊቱን አዞረ። ሥጋ እምቢ የሚል ውሻ አልነበረም። ጥቂት ተራመደና በሚጎትተው ጋሪ ሁለት ዘንጎች መሃል ዝም ብሎ ተኛ። ዳር የቆመው ሰው ትርኢት መስሎት አጨበጨበ።

ያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ፈትቼ ጥላ ሥር አስገባሁት። አንድ ሰው ባልዲ ውሃ አመጣልኝ። ደረቱን፣ ሆዱን፣ እግሮቹን እየደጋገምን አራስነው፤ ሌላው በካርቶን ያራግብለት ጀመር። ይሄን ሁሉ አድርገን ሐኪም ዘንድ ስንደርስ እንኳ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነበር። ተረፈልኝ። ጥፋቱን ግን ለአዘጋጆቹ አልሰጥም። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

እህቴ፣ የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው። 41ን ካለፈ የውስጥ አካሉ መጎዳት ይጀምራል። በመካከል ያለው ርቀት ትንሽ ነው። ውሻ እንደኛ አያልበውም። ከመዳፉ ሥር ጥቂት ላብ ይወጣዋል፤ ዋናው ማቀዝቀዣው ግን ማለክለክ ነው። ምላሱና አፉ ውስጥ ያለው እርጥበት ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። አየሩ ራሱ እርጥበት ከተሸከመ ግን እንደ ልብ አይተንም። ለዚህ ነው ወበቅ ያለበት ደመናማ ቀን ጠራርጎ ከወጣ ፀሐይ እኩል የሚያስፈራኝ። ሰው «ዛሬ እንኳ ፀሐይ የለም» ይልና ይዘናጋል።

መቻል ደግሞ በርኒዝ ነው። የስዊዘርላንድ ተራራ ብርድ ያበቀለው ፀጉር ለብሷል፤ ያውም ድርብ፣ ያውም ጀርባው ጥቁር። ሲጎትት ጡንቻው ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ያን ሁሉ ሙቀት የሚያወጣው በአንድ ምላስ ነው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ጥላ ሥር 22 ዲግሪ ካለፈ ጋሪ አልጠምድም። ሌላው ሰው ከፍ ያለ ቁጥር ሊነግርሽ ይችላል። እኔ ግን ከዚህ ፈቀቅ አልልም።

መንገዱንም አስቢው። አየሩ 25 ዲግሪ በሆነበት ቀን ፀሐይ ሲያገኘው የዋለ አስፋልት ከ50 ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል። የአንቺ ፊት ከዚያ አስፋልት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይርቃል። የእሱ ሆድ ግን እላዩ ላይ ነው። አንቺም ጫማ አድርገሻል፣ እሱ አላደረገም። ከመነሣትሽ በፊት የእጅሽን ጀርባ መሬቱ ላይ አስቀምጪና እስከ ሰባት ቁጠሪ። ሰባት ሳትደርሺ እጅሽን ካነሣሽ መቻል እዚያ ላይ አይረግጥም። ሣር ላይ ይሄ ችግር የለም ማለት ይቻላል። ሁለቱን ትርኢቶች ሂጂ ያልኩሽ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ምልክቶቹን ልብ በይ። ምላሱ ጫፉ ላይ ከሰፋ፣ ድዱ ከወትሮው ከቀላ፣ ምራቁ ከወፈረ፣ ጥላ ባየ ቁጥር ወደዚያ ከተሳበ፣ የሚወደውን ነገር ሰጥተሽው ፊቱን ካዞረ፣ እዚያው ቁሚና ፍቺው። «እዚያች ጥግ እንድረስና» አትበይ። ከተንገዳገደ ወይም ከወደቀ በመጀመሪያ አቀዝቅዢው፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ውሰጂው። ቀዝቃዛ ውሃ መላ ሰውነቱ ላይ አፍስሺ፣ አራግቢለት፣ መስኮት ከፍተሽ ወይም ኤሲ ከፍተሽ ውሰጂው። እርጥብ ፎጣ ግን አልብሰሽ አትተዪው፤ ፎጣው ወዲያው ይሞቅና ሙቀቱን መልሶ ያፍነዋል። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ትንሽ ትንሽ ይጠጣ። ራሱን ስቶ እያለ አፉ ውስጥ ውሃ አትጨምሪ።

አሁን ወደ ሰልፉ። ሰዓቱን ወደ ማለዳ ካመጡልሽ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሆኖም ሰልፍ ከትርኢት በጣም ይለያል። ሰው ሰልፍ ማለት መሄድ ይመስለዋል። ለጋሪ ጎታች ግን ሰልፍ ማለት መቆምና መነሣት ነው። ፊት ያለው ይቆማል፣ አንቺም ትቆሚያለሽ። ይነሣል፣ ትነሺያለሽ። ጋሪ ደግሞ ከባድ የሚሆነው ከቆመበት ሲነሣ ነው፤ አንዴ መሽከርከር ከጀመረ ይቀላል። ሦስት ኪሎ ሜትር በቀጥታ መጎተት ለሠለጠነ ውሻ ከባድ አይደለም። ሦስት ኪሎ ሜትር አርባ ጊዜ እየቆሙ መነሣት ግን ሌላ ሥራ ነው። ዳገት ላይ ካቆሙሽማ አንቺም ከኋላ ግፊለት።

ቦታሽንም አስቀድመሽ ተደራደሪ። ከማርሽ ባንዱ ፊት አትሁኚ። ከበሮ ከጀርባ ሲመጣ ውሻ የማያየው ነገር እያሳደደው ይመስለዋል። ከፈረሶች አጠገብ አትሁኚ። ፈረስ ለውሻ ባይደነግጥ ለጋሪው ድምፅ ይደነግጣል፤ ውሻውም እንዲሁ። ከጭነት መኪና ኋላም አትሁኚ። የመኪናው ጭስ ማውጫ በመቻል አፍንጫ ልክ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ከእግረኞች መሃል ነው። በዋዜማው መንገዱን በእግርሽ ሂጂበት። የት የት ጋ መውጣት እንደምትችዪ፣ የትኛው ጎን ጥላ እንዳለው፣ ቁልቁለቱ የት እንደሆነ እይው። መውጫውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው መውጣት አይከብደውም።

ብቻሽን አትሂጂ። አንድ ሰው ከጋሪው ኋላ ይሂድልሽ። አንቺ ዓይንሽ ውሻው ላይ ነው፤ ከኋላ አንድ ሕፃን እጁን ጎማው ውስጥ ሲያስገባ አታዪም። ያ ሰው ውሃም ይያዝ፣ ውሻ ለመንካት የሚሮጡ ልጆችንም በፈገግታ ያስቁም። ባለቤትሽ ለዚህ ሥራ ጥሩ ሰው ይመስለኛል።

ሰልፉ እስኪነሣ ደግሞ ጋሪ ላይ አታቁሚው። ፍቺው፣ ጥላ ሥር ይተኛ። ተጠምዶ እያለ ለአፍታም ቢሆን ትተሽው አትሂጂ። ከነጋሪው ግንድ ላይ ወይም ምሰሶ ላይ አትሰሪው። ምክንያቱ ይሄ ነው። የተጠመደ ውሻ ከደነገጠ ይሮጣል፤ ሲሮጥ ጋሪው ይከተለዋል። በሮጠ ቁጥር የሚያሳድደው ነገር አብሮት ይሮጣል። አይደርስበትም፣ አይለቀውም። ይሄ የደረሰበት ውሻ ብዙ ጊዜ ወደ ጋሪ አይመለስም። ስለዚህ ገመዱ ሁልጊዜ እጅሽ ላይ ይሁን፤ ገመዱም ከአንገት ቀበቶው ጋር ይያያዝ እንጂ ከጋሪው ጋር አይሁን። የሚያንቅ ሰንሰለት በሥራ ላይ ፈጽሞ አታድርጊለት። ማሰሪያውን ከጋሪው የሚያላቅቀው ነገርም በአንድ እጅ፣ በድንጋጤ ውስጥ ሆነሽ፣ ሳታዪ የምትፈቺው ይሁን። እቤት ዓይንሽን ጨፍነሽ ተለማመጂው። የምሬን ነው።

የባንዱን ድምፅ ደግሞ ካሁኑ አለማምጂው። የከበሮና የመለከት ቅጂ ፈልጊና መቻል ምግቡን ሲበላ በሹክሹክታ ያህል ክፈቺው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሪ። መብላቱን ካቆመ ፈጥነሻል ማለት ነው፤ ድምፁን ቀንሺ። ፊኛ ሲፈነዳም እንዲሁ። አንድ ወር ከሠራሽበት ለውጡን ታያለሽ። አንድ ወር ሠርተሽበትም ጆሮው ከተጣበቀና ጅራቱ ከገባ ግን ለሰልፍ አልተፈጠረም፤ ለሜዳ ትርኢት ተፈጥሯል። ምንም ነውር የለበትም።

ስለ ጋሪሽ ደብዳቤሽ ላይ ምንም አላልሽም፤ ስለዚህ እኔ ላንሣው። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ ክብደቱ ነው። እኔ የሚያሳስበኝ ሚዛኑ ነው። ሁለት ጎማ ያለው ጋሪ ከሆነ ጭነቱ አክሰሉ ላይ፣ ማለትም ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት ላይ፣ መቀመጥ አለበት። ወደ ፊት ካዘነበለ ዘንጎቹ የውሻውን ጀርባ ይጫኑታል። ወደ ኋላ ካዘነበለ ዘንጎቹ ሽቅብ ይሄዱና የሆዱ ቀበቶ ይሰቅለዋል። ውሻውን ከመጥመድሽ በፊት ጋሪውን እንደምትሄጂበት አድርገሽ ጫኚው። ከዚያ የዘንጎቹን ጫፍ በሁለት ጣት አንሺ። በሁለት ጣት ከተነሣ ጥሩ ነው። ክንድሽ ከተወጠረ ጭነቱን ወደ ኋላ ግፊው። ቁጥር ከፈለግሽ የዘንጎቹን ጫፍ የቤት ሚዛን ላይ አሳርፊው። እኔ ሁለት ኪሎ ካለፈ አልወድም።

የዘንጎቹ ጫፍ ከትከሻው ፊት ወጣ ብሎ አይቅር። ሲዞር ሰው ይወጋል፣ ራሱንም ይይዘዋል። የኋላ ቀበቶም ይኑረው፤ ያ ቂጡን አቅፎ የሚይዘው ጠፍር። ቁልቁለት ላይ ጋሪው ቋንጃው ላይ እንዳይመጣ የሚከለክለው እሱ ነው። ብዙ ሰው «መንገዱ ሜዳ ነው» ብሎ ይተወዋል። ግን ሜዳ ላይም ውሻው ድንገት ሲቆም ጋሪው አይቆምም።

ማሰሪያው ትከሻውን እንደ ልቡ እንዲያንቀሳቅስ መፍቀድ አለበት። ደረት ላይ በአግድም የሚያልፈው ቀበቶ የትከሻው መገጣጠሚያ ላይ ካረፈ በእያንዳንዱ እርምጃ ይገታዋል። ከሥራ በኋላ ስታወልቂለት እጅሽን ፀጉሩ ውስጥ አስገቢና ቆዳውን ዳብሺው። የተፋተገ፣ የሞቀ ወይም ፀጉሩ የተጎሳቆለ ቦታ ካገኘሽ እዚያ ጋ ማሰሪያው አልተስማማውም። ክብደትን በተመለከተ፣ ጤነኛና የሠለጠነ ውሻ ለጥ ባለ መንገድ ላይ የራሱን ክብደት ያህል በጎማ ሊጎትት ይችላል፤ ጋሪው ራሱ ተቆጥሮ። እኔ ለሰልፍ የዚያን ግማሽ አላልፍም። ሰው የሚያየው ውሻውን ነው፣ ኪሎውን አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ። መቻል የዳሌና የክርን ራጅ ተነሥቷል? በርኒዞች በዳሌና በክርን ችግር የሚታወቁ ናቸው። ሳያነክስም ችግሩ ውስጡ ሊኖር ይችላል። ካልተነሣ ከመጀመሪያው ትርኢት በፊት አስነሺው። በሥራ ቀንም ሆዱን ሞልቶ አይውጣ። ደረተ ጥልቅ ውሾች ጨጓራቸው ተነፍቶ ሊዞርባቸው ይችላል፤ ያ ደግሞ ሰዓት አይሰጥም። ዋናውን ምግብ ማታ ላይ ይብላ።

አሁን የልጆቹ ነገር። አዘጋጆቹ ያሉት ውሸት አይደለም። ጋሪ ላይ የተቀመጠ ሕፃን ያየ ሰው እጁ ይፈታል። ግን ልጅ ጭነት አይደለም፤ ይንቀሳቀሳል። እናቱን ሲያይ ይነሣል፣ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ሳይታሰብ ይዘላል። ቅድም በሁለት ጣት ያስተካከልሽው ሚዛን በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ውሻው ደግሞ ለምን እንደተጫነው አያውቅም። ጋሪው ቢገለበጥ የሚጎዳው ልጁ ነው፤ ኢንሹራንስሽም ሰው መጫንን የማይሸፍን ሊሆን ይችላል። አንዱን ካስቀመጥሽ ደግሞ ሌላው ተራዬ ነው ብሎ ይሰለፋል።

ልጆቹን ጋሪው ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ጋሪው ላይ የሚያስቀምጡት ነገር ስጫቸው። እኔ አንድ ዓመት ጋሪው ላይ ክዳኑ ቀዳዳ ያለው ትልቅ ሣጥን አሰርኩ። ልጆቹ ሆስፒታል ለተኙት ሕፃናት ሥዕል እየሳሉ ይከቱ ጀመር። አንዲት ልጅ ውሻዬን ስድስት እግር አድርጋ ሳለችው፤ ለምን ስላት «ቶሎ እንዲደርስ» አለችኝ። ወላጅ ልጁ ሥዕሉን ሲከት ቆሞ ይጠብቃል፤ ቆሞ ሲጠብቅ ደግሞ የገንዘቡ ሣጥን አጠገቡ ነው። ጋሪው ቀላል፣ ልጁ ደስተኛ፣ ውሻው ሰላም። ይሄን ለአዘጋጆቹ ንገሪያቸው።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሣጥኑ የታሸገ ይሁን፣ ለማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍበት። አንቺ አትያዢው፤ እጅሽ የመቻል ነው። ለመሰብሰብ ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ አዘጋጆቹ ማውጣታቸውን ጠይቂ። ሲከፈት ሁለት ሰው ይቁጠረው።

ፍቅርን ደግሞ፣ ባለቤትሽ እንዳይቀየመኝ፣ ገና ናት። የትልልቅ ውሾች አጥንት ለማደግ ጊዜ ይፈልጋል። ጫፎቹ ላይ ያለው ማደጊያ ተዘግቶ እስኪጠነክር አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ አንዳንዱ ከዚያም ያልፋል። ጋሪ ጎታች ውሾችን የሚፈትኑ አንዳንድ ክበቦች ሁለት ዓመት ያልሞላውን የማይቀበሉት ለዚህ ነው። እስከዚያ ግን ሥራ አላት። ባዶ ማሰሪያ ለብሳ ትሂድ። «ቁሚ»፣ «ቀስ»፣ «ወደ ኋላ» የሚሉትን ትማር፤ በተለይ ወደ ኋላ መሄድን፤ ለውሻ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ በገመድ እየጎተትሽ ከጎኗ ሂጂ፤ ከኋላ የሚንኳኳ ነገር ጠላት እንዳልሆነ ትወቅ። ሁለት ዓመት ሞልቷት ራጇ ደህና ከሆነ ያኔ ጥንድ ይሆናሉ።

ያቺን ሴትዮ አልረሳኋትም። ያስለቀሰችሽ እሷ ናትና ትንሽ ልቆይባት።

ውሻ ጋሪ ላይ የሚጠመደው ለጌጥ አልነበረም። የመቻል ቅድመ አያቶች የስዊዘርላንድ ገበሬ ወተት በጋሪ ወደ አይብ ማምረቻ ይወስዱ ነበር። በቤልጅየም ወተት ሻጩም አትክልት ሻጩም ውሻ ነበረው፤ በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር የቤልጅየም ወታደሮች መትረየሳቸውን በውሻ አስጎትተዋል። ይሄ አኩሪ ታሪክ ነው። ግን ሌላም ታሪክ አለ። እንግሊዞች በ1839 በለንደን፣ በ1854 ደግሞ በመላ አገሪቱ መንገዶች ላይ ውሻን ጋሪ ማስጎተት በሕግ ከለከሉ። ምክንያቱም ከአቅም በላይ የተጫኑ፣ የከሱ፣ የሚገረፉ ውሾች በየመንገዱ ይታዩ ነበር። ሴትዮዋ ይሄን ታሪክ ባታውቀውም የተናገረችው ከምንም ተነሥታ አይደለም። የተጠመደ ውሻ አየች፣ ልቧ ደነገጠ። ለማያውቁት ውሻ የሚጮህ ሰው መጥፎ ሰው አይደለም።

ስለዚህ ሌላ ጊዜ ስትመጣ አትከራከሪያት፣ አታልቅሺም። «መጠየቅሽ ጥሩ ነው፣ ነይ ላሳይሽ» በያት። የዘንጎቹን ጫፍ በሁለት ጣት ታንሣ። ጋሪው ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ መቻል ስንት ደቂቃ እንደሠራና ስንት ደቂቃ እንዳረፈ ንገሪያት። ከዚያ ፍቺውና ማሰሪያውን እንደገና አሳይው። እየሮጠ መጥቶ አንገቱን ካስገባ እሱ ራሱ መለሰላት። ራቅ ብሎ ከተኛ ደግሞ ሴትዮዋ ትክክል ናት፤ ለዚያ ቀን በቃው። ይሄን ፈተና ማንም ባይጮህብሽም በየዕረፍቱ አድርጊው።

አንድ የሚከብድ ነገር ልጨምር። የበርኒዝ ዕድሜ አጭር ነው፤ አብዛኞቹ ከሰባት ስምንት ዓመት ብዙም አያልፉም። መቻል ሦስት ዓመቱ ነው። በጉልበቱ የሚሠራባቸው በጋዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ታዲያ አንዱን በጋ በአንድ እኩለ ቀን ሰልፍ አታበላሺው። እነዚያ ሁለት ትርኢቶች ላይ በማለዳው ሣር ላይ ሲጎትት፣ ልጆች ሥዕላቸውን ሲከቱለት፣ ከዚያ ጥላ ሥር ሆዱን ሰጥቶ ሲተኛ ይታየኛል። ሕፃናቱም ገንዘባቸውን ያገኛሉ።

እምቢ ማለት ይከብደኛል ስላልሽ መልእክቱን ጽፌልሻለሁ። እንዳለ ገልብጠሽ ላኪው።

«ጤና ይስጥልኝ። መቻል ለሁለቱ ትርኢቶች በደስታ ይመጣል። ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት ይሠራል፤ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ጥላ ሥር ያርፋል። እባካችሁ ጥላና ውሃ ያለበት ቦታ አዘጋጁልን። ሰው አይጭንም፤ ልጆች ሥዕል የሚከቱበት ሣጥን ግን ጋሪው ላይ ይኖራል። የሰልፉ መነሻ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከሆነና ከባንዱና ከፈረሶቹ ራቅ ያለ ቦታ ከሰጣችሁን ሰልፉንም እንሞክራለን። በዕለቱ ሙቀቱ ከ22 ዲግሪ ካለፈ ወይም መነሻው ከዘገየ ግን መቻል አይሰለፍም፤ እኔ ግን ሣጥን ይዤ በእግሬ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»

ዛሬውኑ ላኪው፤ እነሱም ፕሮግራሙን ሳያትሙ ይድረሳቸው።